«መድን» በቦረና ቆላ፦ ቃልና ውል

ዩኒቨርሲቲና የንግድ ድርጅት በተግባራዊ ምርምር ሲጣመሩ የቋንቋ ባለሙያ ድርሻ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የደቡቡ ቆላ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል።

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮው በአብዛኛው በከብት ላይ የተመሠረተ ነው። በ2004 ዓ.ም. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን፣ በቦረና ዞን የከብት መድን ጀመረ። አሠራሩ የሞተ ከብት አይቆጥርም። የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ልኬቱ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ በዚያ አካባቢ መድን ለገዙት ሁሉ ይከፈላል። ስለዚህ ግጦሹ ለምልሞ ሳለ ላሙ በበሽታ የሞተችበት ሰው ካሣ አያገኝም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «መድን» ከ«መዳን» ጋር የሚዛመድ፣ ዋስትናን የሚያሰማ ቃል ነው። በቦረናም «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ ያቋቁመዋል። በዚህ ሥርዓት ርዳታው የሚከተለው ጉዳተኛውን ነው፤ ሳተላይቱ ግን ሣሩን እንጂ ሰውዬውን አያይም። አዲሱን ውል በነባሩ ስም ማስረዳት ቢቀልም፣ ያልተገባ ተስፋ ይሰጣል።

እንግዲህ ትርጉም ማለት ለቃል አቻ መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ የሚሰጠውን ተስፋ ወሰን ማሳየትም ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ውሉን በአርብቶ አደሩ ቋንቋ ካዘጋጀ በኋላ፣ ገዢው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲያስረዳው ይጠይቅ። «የማይከፈለው መቼ ነው?» ለሚለው መልስ ካላገኘ፣ ትርጉሙ ገና አላለቀም።