ከማስታጠቅ በፊት ማንቃት፤ ከነፍጥ በፊት ማኅበር

የጦር መሣሪያ በራሱ ታሪክ አይሠራም። ታሪክ የሚሠራው መሣሪያውን የጨበጠው እጅ፣ እጁን የሚያዘው ኅሊና፣ ኅሊናውንም የቀረጸው ማኅበራዊ ኑሮ ነው። ይህ ግልጽ እውነት ሆኖ ሳለ፣ «ታጠቅ፤ ጊዜው ደርሷል፤ ጎረቤትህ ሳይቀድምህ ቅደመው» የሚል ድምፅ በአየር ሞገድ በመጣ ቁጥር ብዙ ሰው ነገሩን ሳይመረምር ጆሮውን ይሰጣል። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና፣ በጥሩ ውኃዋ የታወቀችውን አምቦንና የምዕራብ ሸዋን ከተሞች ምሳሌ አድርገን የነፍጥንና የሬዲዮን ጉዳይ ከሥሩ እንመልከት።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ የአገራችን የትጥቅ ታሪክ የተጻፈበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከከተማዋ እንደ ወጡ ታጠቅ አለ፤ በ1969 ዓ.ም. ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው አርሶ አደር በሚሊሻነት የሠለጠነበት ሰፈር ነው። አለፍ ሲሉ ሆለታ ትገኛለች፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራ የጀመረው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ከተማ። አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ፣ በአምቦም አቅራቢያ የፖሊስ ማሠልጠኛው ሰንቀሌ፣ ከዚያም ወዲያ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ይከተላሉ። በዚሁ ምድር ግን በነፍጥ ሳይሆን በክንዱ የሚኖር ሕዝብ አለ፤ የአምቦ ውኃ ወዛደር፣ የሙገር ሲሚንቶ ሠራተኛ፣ ጤፍና ስንዴ የሚያመርተው አርሶ አደር፣ በየገበያው የምትነግደው እናት። በየዘመኑ ጥሪው ሲነፋ «ታጠቅ» የሚባለው ይህ ሕዝብ ነው፤ ውጊያው ሲያበቃ ሬሳ የሚያነሣውም እርሱ ነው።

ነፍጥ የማን ነበር?

ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ለበንና ምንሽር የምንላቸው ጠመንጃዎች ግራ፣ ስናይደር፣ ለቤልና ማንሊኸር የተባሉትን የውጭ አገር ጠመንጃ ሠሪዎች ስም በአገራችን አፍ የያዙ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ እነዚህ መሣሪያዎች በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና እየተለወጡ ገቡ። ዋጋቸውን በመጨረሻ የከፈለው ግን ጠመንጃውን ያልያዘው ሰው ነው። ደመወዝ የሌለው ወታደር በደመወዙ ፈንታ ገባር ተሰጠው፤ ገባሩም ለባለ ነፍጡ አረሰ፣ ፈጨ፣ እንጨት ለቀመ፣ አጥር አጠረ። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚህ የምርት ግንኙነት ነው። ቃሉ የሥራና የሥልጣን ስም ነበር፤ የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ስም አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የገባሩንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ሥር ነቀለው። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ ከሞተ በኋላ ቃሉ በአየር ሞገድ ሕያው ሆኖ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ በላቡ የሚኖር ጎረቤት የሚሰደብበት ድንጋይ ሆነ። በሌላውም ወገን እንዲሁ፣ አንድን የታጠቀ ቡድን በመጥላት የተጀመረ ቃል ኦሮሞውን በሙሉ መጠርጠሪያ ሲሆን ታይቷል። የመደብ ቅራኔ የጎሣ ካባ ሲደረብለት እንዲህ ነው፤ በዝባዡ ይሰወርና የወዛደር ጠላት ሌላው ወዛደር ይሆናል።

ይህን ስንል ሕዝብ መሣሪያ ያነሣበት ሁሉ ኩነኔ ነው ማለታችን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ከሆለታ ገነት የወጡ ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ወገኖቻቸው ወደ ምዕራብ ዘልቀው የጥቁር አንበሳን ድርጅት መሠረቱ። የድርጅቱን ደንብ ልብ ማለት ያሻል፤ የፖለቲካ አመራር ከወታደራዊ አመራር እንዲቀድም፣ አርሶ አደሩ እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይገደል ይደነግጋል። አገር በተወረረበት፣ ጥይት ባለቀበት ሰዓት እንኳ እነዚያ ወጣቶች መጀመሪያ የጻፉት ነፍጣቸው ለማን እንደሚታዘዝ ነበር። የሜጫ ኦሮሞ አባቶችም በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ያስተማሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። በገዳ ሥርዓት አባ ዱላ ጦሩን ይመራል፤ ጦርነትና ሰላም የሚመከርበት ግን ጨፌው ነው። ነፍጥ ከጉባኤ በታች እንጂ ከጉባኤ በላይ አልነበረም።

ከነጋሪት እስከ አየር ሞገድ

በቀድሞ ዘመን ጦርነትም ሕግም የሚታወጀው በነጋሪት ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ «ነጋሪት» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ክተት ሲታወጅ ነጋሪቱን ያስመታው ማን እንደሆነ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያወጀውም ራሱ ዘመተ። ሬዲዮ ሲመጣ ይህ ትስስር ላላ። በ1960ዎቹ ዓመታት ከሞቃዲሾ በአፋን ኦሮሞ የሚተላለፈው ሬዲዮ በአገር ውስጥ ባልተፈቀደ ቋንቋ ይናገር ስለ ነበር ብዙ ጆሮ አገኘ፤ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ ግን ያ ድምፅ የጦር መሣሪያ አካል ሆነ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ኢሳት፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ኦ.ኤም.ኤን. ከባሕር ማዶ በሳተላይት መናገር ሲጀምሩም ሰዉ የሰማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. የአምቦ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሲወጡ ጥይት ሲመልስላቸው፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ስለ ጭልሞ ደንና ስለ ኳስ ሜዳዋ ስትጮኽ፣ በቅርቡ ያለው ጆሮ አልሰማም ነበር። ብሶት በአገሩ ሰሚ ሲያጣ በሩቅ ተናጋሪ ያገኛል። ይህን ሳይቀበሉ ስለ ሬዲዮ ማውራት ቁስሉን ትቶ ዝንቡን ማባረር ነው።

ነገር ግን ብሶትን መናገር አንድ ነገር ነው፤ በብሶት ላይ የጦር ገበያ ማቋቋም ሌላ ነው። ከዓለም ሁለት ምሳሌ እንውሰድ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት ሲደነግግ «በሥርዓት የተደራጀ ሚሊሻ» በሚል ሐረግ ይጀምራል። በ1990ዎቹ የተነሡት የአጭር ሞገድ ተናጋሪዎች «በሥርዓት የተደራጀ» የሚለውን ትተው መሣሪያውን ብቻ ሰበኩ፤ በንግግራቸው መካከልም ወርቅና ለክፉ ቀን የሚከማች ደረቅ ምግብ ይሻሻጥ ነበር። በዚያው ድባብ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1995 አንድ የቀድሞ ወታደር ከሁለት ዓመት በፊት በዋኮ ስለ ሞቱት ሰዎች መንግሥትን እበቀላለሁ ብሎ በኦክላሆማ ከተማ ቦምብ አፈነዳ። ከሞቱት 168 ሰዎች ውስጥ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ የቢሮ ሠራተኞችና ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ ሰዎች ናቸው። መንግሥት የተባለው ጠላት በተግባር ጸሐፊና ሕፃን ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይቀርባል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥራ የጀመረው የሚል ኮሊን ሬዲዮ የሕዝብ ሬዲዮ መስሎ ገባ፤ ሙዚቃው ጥሩ፣ ቀልዱ ጣፋጭ፣ የአድማጩ አስተያየት የሚደመጥበት ነበር። በሚያዝያ 1994 የዘር ማጥፋቱ ሲጀመር ግን ያው ድምፅ የሰዎችን ስምና የመኪና ታርጋ ይጠራ ጀመር። በመቶ ቀናት ውስጥ 800,000 ያህል ሰው አለቀ። በየመንገዱ ኬላ የዘጉት ከሌላ አገር የመጡ አልነበሩም፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ነበሩ። ከሬዲዮው መሥራቾች አንዱ የታሪክ ፕሮፌሰሩ ፈርዲናንድ ናሂማና ነበር። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ጥፋተኛ አለው፤ በ2007 ይግባኝ ሰሚው ቅጣቱን ወደ 30 ዓመት ቢያወርድም፣ በሬዲዮው ለተፈጸመው የማነሣሣት ወንጀል የተጣለበትን ጥፋተኝነት አጸና። በዚህ ፍርድ የምንረዳው ማይክሮፎንም እንደ ጠመንጃ የሚያስጠይቅ መሆኑን ነው።

የቃላቱ ቅደም ተከተል

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌው ግድግዳ ላይ የተጻፈ አንድ መፈክር ነበር፤ ሰፊውን ሕዝብ ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ። ሦስቱን ቃላት ሁሉ ያስታውሳል፤ ቅደም ተከተላቸውን ግን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ማስታጠቅ የመጨረሻው ነበር። ነገር ግን መፈክሩን ያወጀው ሥርዓት ራሱ ተራውን ገለበጠው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መሠረት የተቋቋሙት ቀበሌዎች የነዋሪው ማኅበር እንዲሆኑ ነበር የታሰቡት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን የአብዮት ጥበቃ ጓዱ ከጉባኤው በላይ ሆነ፤ ነፃ እርምጃ የሚባል ፍርድ የሌለው ፍርድ መጣ፤ ወጣቶች በደጃቸው ወደቁ። ይህ ቀይ ሽብር ከአንድ ትውልድ በኋላ ለፍርድ ቀረበ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደርግን መሪዎች በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል። የዚያ ዘመን ስሕተት ሕዝብ መታጠቁ ብቻ አልነበረም፤ የታጠቀውን የሚጠይቅ ማኅበር መጥፋቱ ነበር።

የምዕራብ ሸዋ የቅርብ ዓመታት ይህንኑ ያረጋግጣሉ። የካቲት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በአምቦ ለድጋፍ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ብዙዎች ቆሰሉ። ሰኔ 22 ቀን የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ በተከተሉት ቀናት 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ኃይልና መንግሥት ሸኔ የሚለው የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በተዋጉባቸው ወረዳዎች አርሶ አደሩ ቀን ለአንዱ፣ ሌሊት ለሌላው መልስ ሰጪ ሆኖ ከረመ፤ በመንገድ የታገተው ሰው ቤተሰብም በሬውን ሸጠ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛንያ የተደረጉት ሁለት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ከሠራዊቱ አንድ ክፍል ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ተዘጋጅ» የሚሉት ድምፆች ከየአቅጣጫው አላቋረጡም። ጥሪው የመጣው ከባሕር ማዶ ብቻም አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ራሱ ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን አስመዝግቦ ሰፈሩን ለመጠበቅ እንዲደራጅ ጠርቷል።

ሕጉ ምን ይላል? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል፤ ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድም ወንጀል ነው። ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። የሠርግ ደስታና የለቅሶ ክብር በተኩስ በሚለካበት፣ «ገዳይ» የሚለው ስም ከ«አራሽ» ይልቅ በሚከበርበት ባህል ውስጥ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል። ነዋሪው ዳኛና ፖሊስ ያድነኛል ብሎ ካላመነም ጠመንጃውን አያስመዘግብም፤ ይቀብረዋል። ስለዚህ ትጥቅን መቆጣጠር የሚጀምረው ከጠመንጃው ሳይሆን ከፍትሕ ነው።

እንግዲህ የቀበሌው ነዋሪና ወዛደሩ ምን ያድርግ? ሬዲዮውን ይዝጋ አንልም፤ ሰምቶ ይመርምር እንላለን። «ታጠቅ» ለሚል ድምፅ ሁሉ፣ የመንግሥትም ሆነ የተቃዋሚ፣ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። የሚናገረው ማን ነው፤ ስሙና አድራሻው ይታወቃል ወይ? ጦርነቱ ቢነሣ የሚያተርፈው ማን ነው? የሚቀበረውስ የማን ልጅ ነው? ተናጋሪው ልጁን የማይልክበትን ጦርነት የሚሰብክ ከሆነ መልሱ ተገኝቷል። ሁለተኛም፣ ጥያቄዎቹ ለብቻ አይጠየቁ። እድር አለ፣ የሠራተኛ ማኅበር አለ፣ የአገር ሽማግሌና ሲንቄ ይዘው በተፋላሚዎች መካከል የሚቆሙ እናቶች አሉ። ወሬ ሲመጣ በዚያ ይመርመር፤ የሌሊት ጥበቃ ካስፈለገም በነዋሪው ጉባኤ ይወሰን፣ ጠባቂው በስም ይታወቅ፣ ያጠፋም በአደባባይ ይጠየቅ። ሦስተኛም፣ መንግሥት ለሚሊሻው ጠመንጃ ሲያድል ተጠያቂነቱንም አብሮ ያድል፤ ያለ ጉባኤ የታጠቀ ሚሊሻና ያለ ጉባኤ የታጠቀ ሽፍታ ለሌሊቱ መንገደኛ ልዩነት የላቸውም።

ያልነቃ ሰው ሲታጠቅ የሌላ ሰው ጠመንጃ ይሆናል፤ ያልተደራጀም ሲታጠቅ ለጎረቤቱ ስጋት ይሆናል። የነቃና የተደራጀ ሕዝብ ግን ብዙ ጊዜ መታጠቅም አያሻው፤ በምክሩ ይከበራልና። የአምቦና የምዕራብ ሸዋ ሠርቶ አደር ከየአቅጣጫው ለሚመጣው የክተት ጥሪ የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ ቃላት የመጀመሪያው ይሁን፤ አስቀድመን እንንቃ!