ጭንቀት ሲበዛ ምን እናድርግ?

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ቃላችን «ጭንቀት» ነው። ጭ፣ ን፣ ቀ፣ ት። አራት ፊደል ነው። ጻፉት። ጻፋችሁ? እንግዲህ እንቀጥል።

ጭንቀት ምንድን ነው? የሰውነታችን ዘብ ነው። ማታ መንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥማችሁ ምን ትሆናላችሁ? ልባችሁ ይመታል። ትንፋሻችሁ ይፈጥናል። እጃችሁን ያልባችኋል። አእምሮ «አደጋ መጣ!» ሲል ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ያን ጊዜ ልብ ብዙ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ይልካል። እንድንሮጥ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሕይወት ያድናል።

ችግሩ ዘቡ ጅብ በሌለበት ሲጮህ ነው። መምህሩ «ይምጡና ሰሌዳው ላይ ይጻፉ» ሲልዎት ልብዎ ድው ድው ይል የለም? የብዙ ሰው ልብ እንዲሁ ይላል። ደጋግመው ሲጽፉ ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን ፈርቶ ትምህርቱን ይተዋል። ቀጥሎ ገበያውን፣ ከዚያም ዕድሩንና ለቅሶውን ይተዋል። ፍርሃት ሲሸሹት ያድጋል።

ጭንቀቱ ለወራት ከቆየ፣ እንቅልፍ ከነሳ፣ ሥራ ካስፈታ ከልክ አልፏል። አንዳንዴ ደግሞ በድንገት ይመጣና «ልሞት ነው» ያሰኛል። ይህ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ በርትቶ ከዚያ ይበርዳል። ሆኖም ደረቱን ያመመው ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ ይመርመር። የደም ማነስና የእንቅርት በሽታም ልብ ያስመታሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ 4 እስክትቆጥሩ አየር ሳቡ። 6 እስክትቆጥሩ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ሆድ ይነሣ፣ ትከሻ አይነሣ። 5 ደቂቃ ያህል ደጋግሙት።

ሁለተኛ፣ ቡና ቀንሱ። ቡና ይቅር አላልኩም! አቦሉን ጠጡ፣ በረካውን እለፉ። ጫትም ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አረቄ ለጊዜው ያስረሳል፤ በነጋታው ጭንቀቱን አብሶ ይመልሰዋል።

ሦስተኛ፣ የፈራችሁትን በጥቂት በጥቂቱ ቅረቡት። ገበያ የፈራ ሰው ዛሬ ከዘመድ ጋር እስከ ገበያው ዳር ይሂድ። ሲለምደው ይግባ። በኋላ ብቻውን ይሂድ።

አራተኛ፣ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። «ሰነፍ ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው» የሚባለው አያሳፍራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ300 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕመሙ በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና የታወቀ ነው። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የሐኪሙን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ሰው 2 ሳምንት ሙሉ አዝኖ፣ ምግብና እንቅልፍ አጥቶ ከሰነበተ ሕክምና ያስፈልገዋል። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ቀልድ ነው አትበሉ። ብቻውን አትተዉት። የተባይ መድኃኒቱን ከቤት አርቁ። ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አሁን ተወያዩ፤ መልሱንም ጻፉ።

1. ስትፈሩ ሰውነታችሁ ምን ይሆናል?
2. በሰፈራችሁ ከሰው የራቀ ሰው አለ? ነገ ማን ይጠይቀዋል?

በደህና ቆዩ።