ተጨማሪ መረጃ፦ ቻናል ፍለጋን የሚያሳጥሩ ሦስት ነገሮች

ሪሲቨራችሁ ብላይንድ ስካን (የጭፍን ፍለጋ) ሲያደርግ ለምን ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል? ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል በጥቂት በጥቂቱ እየፈተሸ ስለሚሄድ ነው። ቻናሉን ቀድሞ የተቀበለ ሰው ሦስት ነገር ካካፈላችሁ ግን በሰከንዶች ያልቃል፦ ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ፤ አግድም ወይም ቁም) እና ሲምቦል ሬት (በሰከንድ የሚላኩ ምልክቶች ብዛት)። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ተጠቃሚዎች የሳተላይት ማሰራጫዎችን እንዲህ መዝግበው በነፃ ያጋራሉ፤ ትልቅ ውለታ ነው። ታዲያ ሦስቱ ልክ ቢሆኑም ዲሹ ቻናሉ ወደሚተላለፍበት ሳተላይት መዞር አለበት። ለምሳሌ ኢትዮሳትን ለመቀበል ወደ ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ይዞራል።

ሞክሩ፦ የአንድ ቻናል ሦስቱን ነገሮች ከሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ጻፉ። በእነሱ ብቻ ፈልጉና የፈጀውን ጊዜ ከብላይንድ ስካኑ ጋር አነጻጽሩ።