ስለ ዴንቨርና ስለ አውሮራ የፍሳሽ ቱቦዎች

ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ዝናም በሚያንስበት ሜዳ ላይ የተመሠረቱት ዴንቨርና አውሮራ ከተራራው በረዶ የሚያገኙትን ውኃ ቈጥበው የሚኖሩ ከተሞች ስለ ሆኑ፣ በየቤቱ ካገለገለ በኋላ ወደ ቱቦ የሚለቀቀው ውኃ የት ደርሶ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለነዋሪው ሁሉ፣ ከነዚህም መካከል በኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች ዙሪያ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን፣ ከዕለት ኑሮ ያልራቀ ጉዳይ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ፍሳሽ አብዛኛው በቱቦው ቍልቍለት ወደ ሰሜን ወርዶ፣ በሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር ወደ ቆመው ታላቅ ማጣሪያ ጣቢያ ይገባል። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1961 ተመሥርቶ ዛሬ ሜትሮ ዋተር ሪከቨሪ የሚባለው ድርጅት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያገለግላል። በዓመቱ ብዙ ወራት ከጣቢያው በታች በወንዙ የሚወርደው ውኃ አብዛኛው ከዚሁ ተጣርቶ የወጣ ነው። አውሮራም በ2002 የደረሰው ብርቱ ድርቅ ስላስጨነቃት፣ ፕሬሪ ዋተርስ የተባለውን ሥራ ጀምራ በ2010 ፈጸመች፤ ይኸውም በብራይተን አጠገብ በወንዙ ዳርቻ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች፣ በአሸዋና በጠጠር መካከል ሰርጎ የጠራውን ውኃ ቀድታ፣ 34 ማይል በሚረዝም ቱቦ ወደ ላይ መልሳ፣ እንደገና አጣርታ ለሕዝቧ የምታጠጣበት ነው። እንግዲህ ከአውሮራ ወጥ ቤት የወረደው ውኃ ዞሮ ወደ አውሮራ ገበታ የሚመለስ ሲሆን፣ በመንገድ ሳለ ሳይጣራ ወደ ጅረት ቢገነፍል ጕዳቱ የሩቅ ሰው ጕዳት አይደለም።

በማንሆል ክዳን ዙሪያ ጥቍር ውኃና የራሰ ወረቀት ሲወጣ ያየ ሰው ወደ ከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት በደወለ ጊዜ፣ ተረኞቹ ሠራተኞች ሌሊትም ቢሆን ይደርሳሉ። በነዚህ ከተሞች የዝናም ውኃ መሄጃው ከፍሳሹ ቱቦ የተለየ ነው፤ የመንገድ ዳሩ የጎርፍ መቀበያ የገባበትን ሁሉ ሳያጣራ ወደ ሳንድ ክሪክ ወይም ወደ ቼሪ ክሪክ ስለሚያደርስ፣ አስቀድመው አፉን በአሸዋ ከረጢት ይዘጋሉ። ቀጥለው ክዳኖቹን በተራ ይከፍታሉ፤ የላይኛው ጕድጓድ ሞልቶ የታችኛው ደርቆ ከተገኘ፣ ድፍኑ በሁለቱ መካከል መሆኑ ታወቀ። ያን ጊዜ በደረቀው ጕድጓድ በኩል ከከባድ መኪና የሚዘረጋውን የጐማ ቱቦ ይሰዳሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ውኃውን በታላቅ ግፊት ወደ ኋላ እየረጨ፣ በዚያው ኃይል ራሱን ሽቅብ እየገፋ ሄዶ ድፍኑን ይበሳዋል። የታገደውም ፍሳሽ በድንገት ሲለቀቅ፣ በታችኛው ጕድጓድ የቆመው ሠራተኛ ስቡንና ጨርቁን ሌላ ቦታ ሄዶ እንዳይዘጋ በመምጠጫው ያነሣዋል። ቱቦው ተደርምሶ ከሆነ ግን፣ እስኪጠገን ድረስ ፍሳሹን በፓምፕ እየሳቡ ከተሰበረው ክፍል ማዶ ማሻገር ግድ ነው።

በመንገዱ የቀረው ይታጠባል፤ የታጠበበትም ውኃ ጭምር ተመጥጦ ወደ ፍሳሹ ቱቦ ይመለሳል። ወደ ጅረት የደረሰ እንደ ሆነ፣ በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ መልቀቅን ስለሚከለክል፣ ለኮሎራዶ የጤና መሥሪያ ቤት ሳይዘገይ ይነገራል። ፍሳሹ ከገባበት በላይና በታች ናሙና ተቀድቶ ኢ. ኮላይ የተባለው ተሐዋስ ይመረመራል፤ ቍጥሩ እስኪወርድም ሰው፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ ወደ ውኃው እንዳይገቡ ማስጠንቀቂያ ይተከላል።

በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊመሰገን የሚገባው፣ ፍሳሹ ሳይገነፍል በፊት የሚደረገው ትጋት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በአገሩ ሁሉ በየዓመቱ ከ23,000 እስከ 75,000 ጊዜ ፍሳሽ እንደሚገነፍል ይገምታል፤ ከምክንያቶቹም ዋና ዋናዎቹ ስብ፣ የዛፍ ሥርና በሽንት ቤት የሚጣል እርጥብ መጥረጊያ ናቸው። ወገኖቻችን ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ነገር አለ፤ ከወጥ ድስት የሚታጠበው ቅቤና ዘይት በሙቅ ውኃ ስለ ቀለጠ የጠፋ ይመስላል እንጂ፣ ጥቂት እንደ ሄደ ቀዝቅዞ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይረጋል፤ ስለዚህ ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ጠርጎ ወረቀቱን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ይገባል።

በትልልቆቹ የኮንክሪት ቱቦዎች ደግሞ ሌላ ሥውር ጠላት አለ፤ ከፍሳሹ የሚነሣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ፣ ከውኃው በላይ ባለው እርጥብ ጣሪያ ላይ በተሐዋስያን አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ተለውጦ ኮንክሪቱን ይበላዋል። ይኸው ጋዝ ሰውንም የሚገድል ነው፤ ሲበዛም የማሽተትን ኅዋስ ስለሚያደነዝዝ፣ ሠራተኛው አፍንጫውን ሳያምን አስቀድሞ የጋዝ መለኪያ በገመድ ያወርዳል። ቱቦዎቹ በተራ እየታጠቡ በካሜራ ይመረመራሉ፤ ስንጥቅ የተገኘበትም ሁልጊዜ አይቈፈርም። በ1971 በለንደን በተጀመረው ዘዴ፣ ሙጫ የጠጣ ረጅም ከረጢት እንደ ካልሲ እየተገለበጠ በውስጡ ይሰደድና በሙቅ ውኃ ወይም በእንፋሎት ደርቆ፣ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ አዲስ ቱቦ ይሆናል፤ የየቤቱን መጋጠሚያ አፍ የሚከፍተውም ከውስጥ የሚሄድ መቍረጫ ነው።

ከቤት ተነሥቶ እስከ ዋናው መሥመር የሚደርሰው ቀጭን ቱቦ ግን በዴንቨርም በአውሮራም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በአሮጌ ሰፈሮች ይህ ቱቦ ብዙ ጊዜ ከሸክላ የተሠራ ሲሆን፣ በየመጋጠሚያው የዛፍ ሥር ስለሚገባበት፣ በዚያ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት በካሜራ ቢያስመረምረው፣ ኋላ ግቢውን አስቈፍሮ ከሚከፍለው ብዙ ሺሕ ዶላር ይድናል።