ትንሿን ብረት አንናቃት፦ ስለ አሮጌ መኪና የጎማ ቡሎኖች



እህል፣ መድኃኒትና ሰው ጭነው በጠጠር መንገድ ከሚመላለሱት መኪናዎች መካከል አሮጌ ላንድክሩዘሮች ዛሬም አሉ። ቶዮታ «40» የሚባለውን ዓይነት በጃፓን ያመረተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ነው። የእንዲህ ያለ መኪና ሞተር ቢደክም መንገድ ላይ ይቆማል። የጎማ ቡሎኖቹ ቢቆረጡ ግን ጎማው ይወልቃል፤ አደጋውም ለተሳፋሪውም ለእግረኛውም ነው።

ከመኪናዎቻችን አንዱ ከስድስት ቡሎኖች በአምስቱ ብቻ ሲሄድ አገኘነው። ሾፌሩን ብንጠይቀው አንዱ ከተቆረጠ ሦስት ወር እንደሆነው ነገረን። ፈትተን ስናይ የተቆረጠው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም ተሰንጥቀው ነበር። ሾፌሩ ዕቃውን በጊዜው ጠይቆ ነበር፤ «ለሚመጣው ወር» ብለን ያቆየነው እኛው ነን።

ለምን ይቆረጣል? ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ በዚህም ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዛል። ዳዶው ከላላ ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ቸርኬው ቡሎኑን ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። ሽቦ ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚቆረጥ ሁሉ ቡሎኑም እንዲሁ ይሆናል። አንዱ ሲቆረጥ የእርሱ ድርሻ በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ይጎዳል፤ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክተን ብንጎትት ቡሎኑ ተለጥጦ ይቀራል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከዳዶው ሥር የሚወርድ ቀይ የዝገት መስመር፣ ሞላላ የሆነ የቸርኬ ቀዳዳ፣ እንዲሁም በእጅ ሲጀመር ቀሎ መካከል ላይ የሚከብድ ዳዶ። ይህ የመጨረሻው ቡሎኑ መለጠጡን ሊያመለክት ይችላል።

ጥርሱ ቆሽሾ ወይም ጫፉ ላይ በትንሹ ተደፍጥጦ ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ በልኩ ጥርስ ማውጫ ማስተካከል ይቻላል። የዚህ መኪና ልክ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊሜትር ነው። የተለጠጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጥርሱ የተበላ ቡሎን ግን ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። በብየዳ መቀጠል ፈጽሞ አይገባም፤ እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

ለመለወጥ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስገቡ፤ በክሪክ ካነሣችሁ በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ የፊት ጎማ ከሆነ ሞዞውንም ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኩሽኔታውን አጥባችሁ አዲስ ግራሶ ቀቡት። አሮጌው ቡሎን በፕሬሳ ተገፍቶ ይወጣል፤ አዲሱም ራሱ ከጀርባው እስኪያርፍ ድረስ በፕሬሳ ቀጥ ብሎ ይገባል። ገብቶ በቦታው የሚዞር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷልና ሞዞው ራሱ ይለወጥ። አንድ ቡሎን ተቆርጦ ከተገኘ በአጠገቡ ያሉትንም አብሮ መለወጥ ጥበብ ነው።

ቸርኬውን ከመመለሳችሁ በፊት ሁለቱ የሚገጥሙበትን ገጽ ከዝገትና ከጭቃ አጽዱ። ዳዶው ሾጣጣ ጎኑ ወደ ቸርኬው ይሁን። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ቀጥሎ ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ልኩን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይሰጣል፤ ግማሽ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ 20 ኪሎ ያህል ኃይል ማሳረፍ ወደዚያ ይቀርባል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እንደገና መፈተሽ አይዘንጋ።

እንግዲህ ሾፌሩ ጉዞ ሳይጀምር ዳዶዎቹን ሊፈትሽ ሲወርድ አናስቸኩለው። ቡሎን ሲጠይቅም «ለሚመጣው ወር» አንበለው። ሳይሳፈሩ አሥር ደቂቃ መቆየት ጎማው የወለቀበትን መኪና ከገደል ከማውጣት ይቀላል።