ካርዱ በማን እጅ ነው?

ቡራዩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ጎረቤቴ ተነሥተው ከቁም ሳጥኑ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አመጡና ከረከቦቱ አጠገብ ዘረገፉት። ልጃቸው በኮንትራት ሻርጃ ከሄደች ገና ስድስት ወሯ ነው።

«እስቲ እይልኝ ልጄ» አሉኝ። «ስትሄድ ኢንሹራንስ አላት፣ አይዞሽ ብለውኝ ነበር። ባለፈው ሆዷን ቆርጧት ክሊኒክ ሄዳ፣ ከኪሴ ከፈልኩ ብላ ነገረችኝ። ታዲያ ኢንሹራንሱ የታለ?»

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየናቸው። አንደኛው የሜዲካል ውጤቷ ነው። ሁለተኛው ከመሄዷ በፊት እዚሁ አገር የተገባላት መድን ምስክር ወረቀት ነው። ሦስተኛው የሥራ ውሏ፣ ግራው በአረብኛ ቀኙ በእንግሊዝኛ። ልጅቷን ሐኪም ፊት የሚያቀርባት ካርድ ግን ፌስታሉ ውስጥ አልነበረም። እናትየው ስድስት ወር ሙሉ ያቀፉት ወረቀት ሁሉ ልጃቸው ለታመመችበት ነገር የሚሆን አልነበረም።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። እኛ አገር «ኢንሹራንስ» የምንለው አንድ ቃል እርስ በርስ የማይገናኙ ብዙ ነገሮችን ይሸከማል። ከሰበታ፣ ከቡራዩም ሆነ ከሱሉልታ ልጁን ወደ አረብ አገር የሸኘ ቤተሰብ ሁሉ እነዚህን ለይቶ ቢያውቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንባ ይድን ነበር።

ከሜዲካሉ እንጀምር። «ሜዲካል አለፈች» ሲባል ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ ግን ምርመራው የሚደረገው ለተቀባዩ አገር ነው። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና እርግዝና ይታያል፤ አንዱ ከተገኘ ቪዛው ይቀራል። ከሄደች በኋላ ብትታመም ይህ ወረቀት የአንዲት ፓናዶል ዋጋ አይከፍልላትም።

ሁለተኛው ወረቀት የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ነው። ለጎረቤቴ ያስረዳኋቸው በእድር ነው። እድር የሚደርሰው ሞት ሲመጣ ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ይሰጣል። ጉንፋን ስለያዘዎት ግን እድርዎ መድኃኒት አይገዛም። ይህም ወረቀት እንደዚያው ነው። እግዚአብሔር አያምጣውና ልጅቷ ብትሞት ወይም አካሏ ቢጎድል ለቤተሰቡ ይከፈላል። ስለዚህ መጠበቅ አለበት፤ ቅጂውም እዚህ እናት ቤት መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም ካሳውን የሚጠይቀው እዚህ ያለ ሰው ነው። ሆድ ቁርጠት ግን አይመለከተውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋንም ጭምር የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው ፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋን፣ ክትባቷን፣ የልደት ሰርተፊኬቷንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫዋን ነው። ስለዚህ ደላላ ወይም ኤጀንሲ «የኢንሹራንስ» ብሎ ከእናት ገንዘብ ሲጠይቅ፣ እናት «የትኛው ኢንሹራንስ?» ብላ መልሳ ትጠይቅ። ጎረቤቴ ከፍለዋል። ለማንና ለየትኛው እንደሆነ ግን ደረሰኝ የላቸውም። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ጀበናው አዞሩ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሕክምና መድኑ እንምጣ። ይህ እዚህ አይገዛም፤ እዚያው፣ በምትሠራበት አገር ሕግ፣ በአሠሪዋ ስም ይገባል። በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች አቡዳቢና ዱባይ ቀደም ብለው አስገድደዋል፤ የዱባዩ ሕግ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ሻርጃ፣ አጅማን፣ ኡም አል ቁዌይን፣ ራስ አል ኸይማና ፉጃይራ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ግዴታ አልነበረባቸውም። ከታህሳስ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህም ገቡበት፤ የቤት ሠራተኛን ጨምሮ መኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትም ሆነ ለማደስ መድኑ መገዛት አለበት። የመሠረታዊው ፓኬጅ አረቦን በዓመት 320 ድርሃም ነው። ከፋዩ አሠሪው ነው፤ ከደሞዟ ሊቆርጠው አይችልም።

ታዲያ 320 ድርሃም ምን ይገዛል? ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥተን ከጎረቤቴ ጋር አሰላነው።

ተኝታ ስትታከም የሷ ድርሻ ከመቶ 20 ነው። ትርፍ አንጀት ይዟት ኦፕራሲዮን ሆነች እንበል፤ ሂሳቡም 8,000 ድርሃም መጣ። ከመቶ 20ው 1,600 ይሆናል። ግን ጣሪያ አለው፤ በአንድ ጊዜ ሕክምና ከ500 ድርሃም በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,000 በላይ አትጠየቅም። ስለዚህ 500 ትከፍላለች፣ 7,500ውን መድኑ ይከፍላል። ጎረቤቴ ቁጥሩን ሲሰሙ «ውይ!» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጣሪያ ማለት ይሄ ነው፤ ሂሳቡ የቱንም ያህል ቢወጣ የታካሚዋ ድርሻ እዚህ ጋ ይቆማል ማለት ነው።

ተመላልሳ ስትታከም ድርሻዋ ከመቶ 25 ነው፤ በአንድ ቀጠሮ ግን ከ100 ድርሃም አይበልጥም። በሰባት ቀን ውስጥ ለዚያው ሕመም ብትመለስ ድጋሚ አትከፍልም። መድኃኒት ላይ ከመቶ 30 ትከፍላለች፤ የ90 ድርሃም መድኃኒት ቢታዘዝላት 27ቱ የሷ ነው። የመድኃኒቱ ሽፋን ግን በዓመት 1,500 ድርሃም ላይ ያልቃል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ጣሪያው ተገልብጧል። የሆስፒታሉ ጣሪያ እሷን ይጠብቃል፤ የመድኃኒቱ ጣሪያ ደግሞ መድኑን። ስኳር ወይም ደም ግፊት ኖሮባት በየወሩ መድኃኒት ለምትወስድ ልጅ የሚያሳስበው ይህ ሁለተኛው ነው። ደግነቱ ይህ ፓኬጅ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባት የመጠበቂያ ጊዜ አይጥልም። ስለዚህ ሕመሟን መደበቅ ምንም አይጠቅማትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ልጅቷ ለምን ከኪሷ ከፈለች?

በኢሞ ደወልንላት። ማዳሟ ተኝታ ስለነበር በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ሆዷን ሲቆርጣት የሄደችው ከቤቱ ማዶ፣ ለእግሯ ወደቀረባት ክሊኒክ ነው። ክሊኒኩ ከመድኑ ጋር ውል የለውም። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መድን የሚከፍለው ከእሱ ጋር ውል ላላቸው ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና ፋርማሲዎች ብቻ ነው። እነሱ «ኔትወርክ» ይሉታል። ከኔትወርኩ ውጭ ስትታከም፣ ሕይወት አስጊ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ካርድ እንደሌላት ሰው ሙሉውን ትከፍላለች። ርካሹ ፓኬጅ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ኔትወርኩ ጠባብ መሆኑ ነው።

«ካርድሽስ የት ነው?» አልኳት።

«ምን ካርድ?»

ብዙ ቦታ ላይ የተለየ ፕላስቲክ ካርድ የለም፤ መድኑ ከኤሚሬትስ መታወቂያዋ ቁጥር ጋር ይያያዛል። መታወቂያውን ለእንግዳ ተቀባይዋ ስትሰጥ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። የሷ መታወቂያ ደግሞ ማዳሟ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይህ በዚያው አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሠራተኛዋ መታወቂያዋን እራሷ የመያዝ መብት አላት። ልጅቷ ግን አላወቀችም፤ እናቷም አላወቁም። ለእሷ ሲባል የተከፈለ መድን እሷ በማትነካው ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ እሷ ከላቧ ከፈለች። እኔን ከምንም በላይ ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ሳዑዲ አረቢያ ሌላ ነው። ሰበታ የሚኖሩ ዘመዶቼ ልጅ ሪያድ ናት፤ የሷን ነገር ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ የሻርጃውን አይመስልም። ሳዑዲ ውስጥ በድርጅት ለሚቀጠር የውጭ አገር ሰው የጤና መድን ከቆየ ግዴታ ነው። ለቤት ሠራተኛ ግን ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተደነገገው ግዴታ የሚመለከተው ከአራት በላይ ሠራተኛ የተመዘገበለትን አሠሪ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ብቻዋን የምትሠራበት ቤት እዚያ ውስጥ አይገባም። አሠሪው እንዲያሳክማት ደንቡ ይላል፤ ካርድ ማውጣት ግን አያስገድደውም። ከዚያ በፊት፣ ከጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሙሳነድ በሚባለው መድረክ የሚፈረሙ አዳዲስ ኮንትራቶች ላይ የሚገባ መድን አለ። እሱ የኮንትራቱ መድን ነው። ሠራተኛዋ ከሥራ ብትቀር አሠሪውን ይክሳል፤ አሠሪው ቢሞት ደግሞ ላልተከፈላት ደሞዝ እሷን ይክሳል። ትኩሳት አይመለከትም። ልጅቷ ግን «ኢንሹራንስ አለሽ» ተብላለች፤ እውነትም አላት፣ ለሌላ ነገር።

በቪዚት ቪዛ የምትሄደውስ? የኤሚሬቶቹ ግዴታ የተሰፋው ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ነው። በቪዚት ገብታ የምትሠራ ልጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። ከአሠሪዋ ቤት የወጣችም እንደዚያው፤ አሠሪው ፈቃዷን ሲሰርዝ መድኗም አብሮ ይሞታል። የሊባኖሱን ማስታወስ ይበቃል። እዚያ የቤት ሠራተኛ መድን እንዲገባላት የሥራ ውሉ ያስገድዳል። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። በአሠሪ ስም የተገባ መድን አሠሪው ፊቱን ባዞረ ጊዜ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ አይተናል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ራሳቸው ወደ ጎረቤቴ ዞረ። ልጅቷ በየወሩ ከምትልከው ገንዘብ የተወሰነው የሳቸው የደም ግፊት መድኃኒትና የግል ክሊኒክ ነው። «ጤና መድን ገብተዋል?» አልኳቸው። «ሱሉልታ ያለችው እህቴ ገብታለች፤ እኔ ልጄ ስለምትልክልኝ ተውኩት።»

ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። ውጭ ያለችን ልጅ ደሞዝ ብዙ ጊዜ የሚበላው የሷ ሕመም አይደለም፤ የእናት ሕመም ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ ኩዩ ነው፤ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ወደ ላይ ሲሄዱ የሚገኘው። የሚመዘገበው ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ በዓመት አንዴ ይታደሳል፤ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ውል ወዳለው ሆስፒታል ይኬዳል። ጤና ጣቢያውን ዘሎ ቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ካርዱ እንዳሰበው አይሠራለትም። የሻርጃዋ ልጅ ከኔትወርክ ውጭ እንደሄደችው ማለት ነው፤ ስሙ ይለያይ እንጂ በሩ አንድ ነው። ይህ መድን ድንበር አይሻገርም፤ ሻርጃ ያለችውን ልጅ አያሳክምም። የሻርጃውም ካርድ ልጅቷ ለእረፍት ስትመጣ ቡራዩ ላይ አይሠራም። ለሁለቱ ሁለት ካርድ ያስፈልጋቸዋል።

እህትየው ጋ ደወሉ። መታደሻው መቼ እንደሆነ፣ ምን ይዞ እንደሚኬድ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ስልኩን ሲዘጉ «ፎቶ ሁለት፣ መታወቂያ፣ የቤተሰብ ስም ዝርዝር» ብለው በጣታቸው ቆጠሩልኝ።

ማታ ላይ ልጅቷ መልሳ ደወለች። መታወቂያዋን ማዳሟን ጠይቃ፣ «ክሊኒክ ሲጠይቁኝ» ብላ፣ ተቀብላለች። ፊትና ጀርባውን አንሥታ በኢሞ ላከችው። ጎረቤቴ የታናሹን ልጅ ደብተር ተቀብለው ከመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥሩን በትልቁ ጻፉ። 784 ብሎ ይጀምራል። ሥሩም የመድኑን ድርጅት ስም፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ለቤቱ የሚቀርበውን የኔትወርክ ክሊኒክ ስም ልጅቷ እየነገረቻቸው ጻፉ። አንዱን አኃዝ ስለተጠራጠሩ እንደገና እንድትደግምላቸው አደረጉ። ደብተሩን ከፌስታሉ ውስጥ ሳይሆን ግድግዳው ላይ፣ ከልጅቷ ፎቶ ሥር ሰቀሉት።