ከአደን ጉዞ በፊት፦ በተኩስ ባላ ላይ የሚደረግ የዒላማ ልምምድና ቅድመ ሁኔታዎቹ

በምሥራቅ ጎጃም በቁይ ከተማና በአካባቢዋ ጠመንጃ ዛሬ የመጣ ዕቃ አይደለም። ስናድር፣ ውጅግራና ምንሽር የሚሉት ስሞች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲነገሩ የኖሩ ሲሆን፣ ጥሩ ተኳሽ መሆንም የሚያስከብር ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ፈቃድ ያለው መሣሪያ በቤቱ መያዙ ብቻውን እንስሳ ለማደን አያስችለውም፤ ከመንደሩ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ዒላማ ለመለማመድም መብት አይሰጠውም። ይህ ጽሑፍ ሕጋዊ አደን ለማካሄድ ያሰቡ ዜጎች ከጉዞ በፊት ሊያሟሉ የሚገባቸውን ጉዳዮች፣ በተለይም መሣሪያን በባላ አስደግፎ የመተኮስን ልምምድ ያብራራል።

ለየብቻ የሚታዩ ሦስት ጉዳዮች

የመጀመሪያው የመሣሪያው ጉዳይ ነው። የጦር መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ፈቃዱ ከሚገልጸው ዓላማ ውጭ ሊጠቀምበት አይገባም።

ሁለተኛው የእንስሳው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ አደንን በሥርዓት ለመምራት የተደረገው ጥረት ረጅም ዕድሜ አለው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909፣ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ ወጥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም አደን በፈቃድ ብቻ እንዲከናወን ደንግጓል። የአደን ፈቃድ ከመሣሪያ ፈቃድ የተለየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሦስተኛው የመለማመጃው ቦታ ጉዳይ ነው። ልምምድ መካሄድ ያለበት የሚመለከተው የፖሊስ አካል አውቆ በፈቀደው የዒላማ ተኩስ ሜዳ ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጠመንጃ የወጣ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። የጎጃም ደጋ ማሳውና መንደሩ የተያያዘ፣ እረኛና መንገደኛ የማይጠፋበት አገር በመሆኑ፣ ከዒላማው በስተጀርባ ጥይቱን የሚያስቀር በቂ የአፈር ግድብ በሌለበት ሥፍራ የሚተኮስ አንድ ጥይት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት ተመልሶ መሬት እንደሚወርድ ሁሉ፣ ከኮረብታው ጫፍ በላይ ያለፈ ጥይትም የት እንደሚያርፍ ተኳሹ አያውቅም።

የተኩስ ባላ ምንድን ነው?

ቤት ሲሠራ አግዳሚውን የሚሸከመውን ባላ የሚያውቅ ሰው የተኩስ ባላን ለመረዳት አይቸገርም። አዳኙ ቆሞ፣ ተንበርክኮ ወይም ተቀምጦ ሲተኩስ የጠመንጃውን ክብደት የሚሸከምለት ድጋፍ ነው። ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር የሆኑ ዓይነቶች አሉት። ባለ አንድ እግሩ ለመሸከም ቀላል ቢሆንም ወደ ጎን ይወላውላል። ባለ ሦስት እግሩ ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋ በመሆኑ፣ ሣርና ቁጥቋጦ በበዛበት ሥፍራ ቆሞ ለመተኮስ ይመረጣል።

የባላው ጥቅም በተለይ በደጋ አደን ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች ይኖራል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑ ተራሮችም ይገኛል። ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውጭ በሚገኙ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ለውስን አደን ፈቃድ ሲሰጥበት ቆይቷል። በዚያ ከፍታ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ክንዱም ይንቀጠቀጣል። አስታና ቁጥቋጦው ደግሞ በደረት ተኝቶ ለመተኮስ ስለማያመች አዳኙ ቆሞ መተኮስ ግድ ይሆንበታል። በተኩስ ሜዳ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ አልስቶ የማያውቅ ተኳሽም በዚህ ሁኔታ ሊስት ይችላል።

ልምምዱ እንዴት ይካሄዳል?

ልምምዱ በባዶ መሣሪያ መጀመር አለበት። ጥይት በክፍሉ ውስጥ አለመኖሩ ሁለት ጊዜ ከተረጋገጠና አፈሙዙ አደጋ ወደማያስከትል አቅጣጫ ከዞረ በኋላ፣ ባላውን ዘርግቶ ጠመንጃውን ማስቀመጥ፣ ማነጣጠርና ቃታውን በዝግታ መሳብ ደጋግሞ ይሠራል። የባላው ቁመት ተኳሹ አንገቱን ሳያጎነብስና ትከሻውን ሳይሰቅል የሚያነጣጥርበት መሆን አለበት።

በባላው ላይ የሚያርፈው ከበርሜሉ ሥር ያለው የእንጨት ክፍል እንጂ በርሜሉ ራሱ አይደለም። በርሜሉ ድጋፉን በቀጥታ ከነካ ጥይቱ ከተለመደው ቦታ ርቆ ይመታል። አንደኛው እጅ ጠመንጃውን ከባላው ጋር አቀናጅቶ ሲይዝ፣ ሌላኛው ሰደፉን ከትከሻ ጋር አጣብቆ ቃታውን ይቆጣጠራል። እግሮች በትከሻ ስፋት ተከፍተው፣ ሰውነት በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ባለው አጭር እረፍት ቃታው ሳይነጠቅ ይሳባል።

በጥይት የሚደረገው ልምምድ ከ50 ሜትር ይጀምራል። ዒላማው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ መካከለኛ ሳህን የሚያክል ክብ ቢሆን ይመረጣል። ተኳሹ በተከታታይ ሁሉንም ጥይት በክቡ ውስጥ ማሳረፍ ሲችል ወደ 100 ሜትር፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወደ ራቀ ርቀት ይሸጋገራል። ጥይቶቹ ከክቡ መውጣት የጀመሩበት ርቀት የተኳሹ ወሰን ነው። በአደን ቦታ ከዚህ ወሰን በላይ መተኮስ የለበትም።

ቀጥሎ ልምምዱን ከአደን ቦታው ሁኔታ ጋር ማቀራረብ ያስፈልጋል። ተኳሹ መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ጥቂት መቶ ሜትሮች በፍጥነት ከተራመደ በኋላ ባላውን ዘርግቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩስ። በአደን ጊዜ ወሳኙ የመጀመሪያው ጥይት በመሆኑ፣ በቀዝቃዛ በርሜል የተተኮሰው ጥይት የት እንዳረፈ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች በተዳፋት ሲተኮስ ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ እንደሚመታ ማወቅም ይገባል። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ጥይት ከቆላው ያነሰ ይወርዳል። በ100 ሜትር ልዩነቱ እምብዛም ባይታይም ርቀቱ ሲጨምር ይጎላል። ስለዚህ ወደ አደን ቀበሌው ከደረሱ በኋላ፣ በመንገድ ላይ የተንገላታውን የዒላማ መነጽር በተፈቀደ ቦታ እንደገና መፈተሽ ተገቢ ነው።

ያልተለማመደ ተኳሽ የሚያስከትለው ጉዳት

በደንብ ያልተመታ እንስሳ ቆስሎ ይሸሻል፤ ለቀናት ተሠቃይቶም በጫካ ውስጥ ይሞታል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ለአደን የሚፈቀደው ቁጥር ውስን በመሆኑ፣ ቆስሎ የጠፋ እንስሳ ሳይቆጠር ቀርቶ ሌላ ከተተኮሰ የጥበቃው ስሌት ይዛባል። በብዙ አገሮች የአደን ሥርዓት የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ የሚቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። በባላው ላይ ሆኖ የሚያነጣጥር አዳኝ መነጽሩ ካልረጋለት ወይም ከእንስሳው በስተጀርባ ያለውን ካላየ፣ ቃታውን ትቶ ጣቱን ማንሳት ይኖርበታል። ይህም ከልምምዱ አንዱ ክፍል ነው።

ባለጉዳዮች ወዴት ይሂዱ?

በቁይና በአካባቢው የሚኖሩ ዜጎች ስለ መሣሪያ ፈቃድና ስለ መለማመጃ ቦታ በቅድሚያ የወረዳውን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ስለ አደን ፈቃድ፣ ስለሚፈቀዱ የእንስሳት ዓይነቶች፣ ስለ ወቅቱና ስለ ክፍያው ወቅታዊውን መረጃ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ዝንጀሮ፣ ጃርት ወይም ሌላ እንስሳ ሰብል ያጠፋባቸው አርሶ አደሮችም መሣሪያ ከማንሳታቸው በፊት ለቀበሌያቸው አስተዳደርና ለወረዳው የግብርና ባለሙያዎች ማመልከት ይጠበቅባቸዋል። መመሪያዎችና የክፍያ ተመኖች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ፣ ለጉዞ ወጪ ከማድረግ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል።